ማን ከለከለዎት?

እዚህ ካፋ ውስጥ፣ ቢታ ገነት ገበያ በዋለ ቀን የጤና ተቋማችንም ተመላላሽ ክፍል ገበያ ይሆናል። ከቀበሌ የወረደው ሰው ቅቤውን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ገዝቶ፣ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት «እግረ መንገዴን» ብሎ ጎራ ይላል። ከእነዚህ እግረ መንገደኞች ብዙዎቹ የሚከሱት ሆዳቸውን ነው። ይነፋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ያስገሳኛል ይላሉ። «ምን ይበላሉ?» ብዬ ስጠይቅ ግን የሚነግሩኝ የማይበሉትን ነው። በርበሬ ትቻለሁ። ሽሮ ትቻለሁ። ባቄላ፣ ጎመን፣ ወተት፣ አንዳንዱ እንጀራውንም ጭምር። ማን ከለከለዎት ስል መልሱ ብዙ ነው፤ ጎረቤት፣ መድኃኒት ሻጭ፣ ስልክ ላይ የታየ መካሪ፣ ወይም ከዓመታት በፊት ስሙን የማያስታውሱት አንድ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው።

ይህ ክልከላ አሳሳቢ የሚሆንብኝ በአካባቢያችን ገበታ ምክንያት ነው። የካፋ ቤት በእንሰት ይቆማል። ቆጮ ያጠግባል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ነገር ግን አብዛኛው ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። ቡላማ ከናካቴው ስታርች ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቆጮን ምግብ የሚያሰኘው አብሮት የሚቀርበው ባቄላ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋው ነው። እንግዲህ ከዚህ ሰው ገበታ ላይ ባቄላውንና አይቡን አንሡና የቀረውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ ናቸው፤ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር «ይህን አትብዪ» ብሎ ማዘዝ እንደ መርፌ ሁሉ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

አንዲት እናት «ሲስተር፣ ጎደሬ አልስማማ አለኝ፤ ጉሮሮዬን ይበላኛል፣ ምላሴን ይወጋኛል። አለርጂ ነው ብለውኛል» አሉኝ።

«እማማ፣ እንዴት አድርገው ነው የሚቀቅሉት?»

ሳቅ አሉ። ጎደሬ መቀቀል የማያውቅ ሰው ያለ ይመስል ለምን ጠየቅሽኝ ማለታቸው ነው። ቀስ እያልን ስናወራ ግን ነገሩ ወጣ። ክረምት ነው፣ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ የልጅ ልጆቻቸው ምድጃውን ከበው ይጠብቃሉ፤ ጎደሬው ገና ልቡ ሳይበስል ይወጣል። ጎደሬ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ። ሲልጡት እጅን የሚያሳክከው፣ ሳይበስል ሲበሉት ጉሮሮን የሚወጋው ይኸው ነው። አለርጂ አይደለም፤ ማንም ቢበላው ይወጋዋል። ልጣጩን ወፈር አድርጎ አንሥቶ፣ ከትፎ፣ ልቡ ድረስ እስኪልም ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ነው መድኃኒቱ። ለእኚህ እናት ያዘዝኩላቸው ደረቅ እንጨት ነው ብል ይቀላል።

እውነተኛው የምግብ አለርጂ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ኦቾሎኒ ወይም ዓሣ በተበላ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ሰውነት በሽፍታ ይሞላል፣ ከንፈርና ዓይን ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እንዲህ ያለውን ሰው ውኃ እያጠጡ ማስታመም የለም፤ ተሸክሞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው፤ የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነው። ያ ምግብ ለዚያ ሰው በእርግጥም ይከለከላል።

በመካከል ያሉት ናቸው አስቸጋሪዎቹ። ወተትን ውሰዱ። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ሆዳቸው የተነፋ፣ የሚያስቀምጣቸው ሰዎች ይበዙብናል፤ ሁሉም የሚያማርሩት ሥጋውን ነው። የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል፤ እሱን የሚፈጨው ኢንዛይም በብዙ አዋቂዎች አንጀት ውስጥ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። በጾሙ ለሃምሳ አምስት ቀን ወተት ያልቀመሰ ሆድ በአንድ ጊዜ ሙሉ ጣሳ ሲወርድበት ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ቢሆንም ሰውዬው ወተትን እንዲረግም አልመክረውም። ግማሽ ብርጭቆ ከምግብ ጋር ይሞክር፤ እርጎና አይብ ይብላ። እርጎን ያረጉት ባክቴሪያዎች ከስኳሩ ከፊሉን ቀድመው በልተውለታል፤ ከአይቡ ደግሞ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ወጥቷል።

ግሉተን የሚባለው ፍርሃት ደግሞ በስልክ መጥቶ ቢታ ገነት ደርሷል። ከግሉተን የሚመጣ በሽታ በእርግጥ አለ፤ ያለበት ሰው ግሉተን ያላቸውን ስንዴና ገብስ ዕድሜ ልኩን መተው አለበት። ጤፍና እንሰት ግን ግሉተን የላቸውም። ስለዚህ ቆጮ የሚበላ ሰው ከግሉተን ልሽሽ ብሎ ቆጮውን ሲተው ሳይ ይገርመኛል።

ከሁሉ የሚበዛው «ጨጓራ አለብኝ» ባዩ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ከጨጓራ ሕመምተኞች ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ለይተው አወጡ፤ በ2005ም ለዚህ ኖቤል ተሸለሙ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የጨጓራ ቁስል ከዚህ ባክቴሪያ ወይም ከማስታገሻ ክኒኖች እንደሚመጣ የታወቀ ነው። በርበሬ ሕመሙን ሊቆሰቁስ ይችላል፤ ቁስሉን ግን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። እዚህ ወገቡን ሲያመው በየሱቁ ዳይክሎፌናክ እየገዛ በባዶ ሆዱ የሚውጥ ገበሬ አውቃለሁ፤ ሚስቱ ወጡን አልጫ እንድታደርግለት አስገድዷታል። አልጫውን ይተወውና ክኒኑን ይተው። የሰገራ ምርመራ ተደርጎ ባክቴሪያው ከተገኘ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጨርስ፤ ሲሻለው በርበሬውን በጥቂቱ ይመልስ።

የተጠረጠረ ምግብ ካለ መለየቱ በቤት ይቻላል። አንድ ምግብ ብቻ ለሁለት ሳምንት ያቁሙ፣ ከዚያ መልሰው ይብሉት፣ ምን እንደተሰማዎ ያስታውሱ። አምስት ምግብ በአንድ ላይ ያቆመ ሰው ቢሻለውም የትኛው እንደበደለው አያውቅም፤ አምስቱንም ፈርቶ ይኖራል። አለርጂ የተባለው፣ ከንፈር ያሳበጠው ምግብ ግን በቤት አይሞከርም።

ስለ ክልከላው ይህን ካልን አሁን ደግሞ ወደ ቦርጭ እንምጣ። እኛ ጋ «ወፈርክ፣ አምሮብሃል» ምርቃት ነው፤ «ከሳህ» ደግሞ ሐዘኔታ። ስለዚህ ስለ ቦርጭ ብሎ ወደ እኔ የሚመጣ የለም ማለት ይቻላል፤ በደም ግፊትና በስኳር በኩል ነው የምንገናኘው። ሜትር ለሌለው ቤት የማስተምረው ሲባጎ ነው። ቁመትዎን በሲባጎ ይለኩ፣ ሲባጎውን ለሁለት ይጠፉት፣ የታጠፈውን በእምብርትዎ ዙሪያ ያዙሩት። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ሆድዎ ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ፣ የተከማቸ ስብ አለ። ክንዱና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሲባጎው የማይደርስለት ሰው ብዙ ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ደህና ይመስላል።

ይህ ስብ ከየት መጣ ብለን ስንቆጥር ቆጮና እንጀራ ብቻቸውን ይወቀሳሉ። እኔ የምጠይቀው ሰው ምግብ ብሎ የማይቆጥረውን ነው። ቡና በጠዋትና በማታ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው በቀን አሥራ ሁለት ማንኪያ፣ 50 ግራም ገደማ፣ ከቡና ብቻ ወስዷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን እንዳይታለፍ የሚለውን መጠን በሲኒ ጨርሶታል ማለት ነው። በጨው የሚጠጣም አለ፤ እሱን ደም ግፊቱን እለካዋለሁ። የጾም ወጥ ላይ የሚንቆረቆረው ዘይትም አይቆጠርም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ጠጁና አረቄው አሉ። ማሩ አለ።

በማር ጉዳይ ከሰው ጋር ብዙ እከራከራለሁ። የካፋ ጫካ ማር የሚያኮራ ነው፤ ይህን የምለው የተወለድኩበት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ከመቶው ሰማንያ እጅ ያህሉ ስኳር ነው። «ስኳር አለብኝ፣ ስለዚህ በማር እጠጣለሁ» የሚለኝ ሰው ስኳሩን ከቀፎ ቀዳው እንጂ አልተወውም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር ጭራሽ አይሰጥም።

ለመክሳት በባዶ ሆድ ሎሚ የሚጠጣውንና በስልክ የሻይ ቅጠል የሚያዝዘውን ልለፈው፤ የጨጓራውን መድኃኒት ሊወስድ መምጣቱ አይቀርም። አጃ ከሩቅ የሚያስመጣውን ግን አንድ ነገር ልበለው፦ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ አቮካዶው እዚሁ ገበያ ላይ ተዘርግቶ አለ። ስኳሩን በግማሽ፣ ዘይቱን በግማሽ ቀንሶ፣ ባጃጁን ትቶ በእግሩ ከሄደ አጃው ይቅርበት። ክብደቱን ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ቢቀንስ እንኳ የደም ግፊቱና የስኳሩ ቁጥር ሊሻሻል ይችላል።

ሳያስበው የሚከሳ፣ ሰገራው የጠቆረ ወይም ደም ያለበት፣ ምግብ ሲውጥ የሚይዘው፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ሰው ካለ ምግብ እየቀያየረ አይቆይ። በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ይምጣ፤ አስፈላጊ ከሆነ ቦንጋ ገብረጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ይላካል። የቀራችሁት ደግሞ ስትመጡ የተከለከላችሁትን ዝርዝር ቤት አስቀምጡት። የሦስት ቀን የበላችሁትንና የጠጣችሁትን ጽፋችሁ፣ መጻፍ ካልሆነላችሁ በልጃችሁ አስጽፋችሁ አምጡልኝ፤ አረቄውንም ሳትደብቁ።