«ፈቃድ የለም» የሚል ኮምፒዩተር ምን ሆኖ ነው?

ትናንት ደኅና ሲሠራ የዋለ ኮምፒዩተር ዛሬ ሲከፈት «ፈቃዱ አልጸደቀም» ይላል። የትምህርት ዕቅዱም፣ የፈተናው ወረቀትም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ብሎ ሁሉን ያጠፋና እንደገና ይጭናል። ሥራውም አብሮ ይጠፋል።

ለመሆኑ ይህ ፈቃድ ከምን ጋር ነው የታሰረው? የዊንዶውስ ፈቃድ የሚታሰረው ከኮምፒዩተሩ አካል፣ በተለይም ከማዘርቦርዱ ጋር ነው። ስለዚህ የአንዱን ዲስክ ገልብጦ ሌላው ላይ የተከለ ሰው ፕሮግራሙን እንጂ ፈቃዱን አልወሰደም።

እንግዲህ አትደንግጡ። ዊንዶውስ ፈቃድ ቢያጣም ይከፈታል፤ ኦፊስም መጻፍ ይከለክል እንጂ ማንበብና ማተም አይከለክልም። በቅድሚያ ሥራችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ከዚያ በተራ መርምሩ፦

1ኛ/ ቀኑን ተመልከቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስትደክም ቀኑ ወደኋላ ይመለሳል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞላም አይጠፋም፤ ይህ ሰው ኮምፒዩተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ጎተተው ማለት ነው። ያን ጊዜ ፈቃዱ ገና ያልተሰጠ ይመስላል፤ በኢንተርኔት የሚመጣው ማረጋገጫም ተቀባይነት ያጣል። መፍትሔው ባትሪዋን መለወጥ፣ ቀኑንም በአውሮፓ አቆጣጠር መሙላት ነው።

2ኛ/ የፈቃዱን ዓይነት አመሳክሩ። ለዊንዶውስ ሆም የተሰጠ ቁልፍ ዊንዶውስ ፕሮን አያጸድቅም።

3ኛ/ «ማዘርቦርዱ ተለውጦ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፈቃዱ አስቀድሞ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ተያይዞ ከነበረ፣ ሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን፣ ቀጥሎም ትራብልሹት በሚለው ገብታችሁ ዕቃ መለወጡን አስታውቁ። ይህ መንገድ የተከፈተው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ከፋብሪካ ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣ ፈቃድ ግን ከዚያው ኮምፒዩተር ጋር ይቀራል፤ ወደ ሌላ አይዛወርም።

«ክራክ» የሚሉትን ማለፊያ ግን አትጫኑ። ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይገባል፤ የአንዱ ኮምፒዩተር ጣጣ በፍላሽ ለሌላው ይተርፋል።

በመጨረሻም በኮምፒዩተር ክፍል የምትሠሩ ሁሉ፣ በየኮምፒዩተሩ ጎን አንዲት ወረቀት ለጥፉ። የፈቃዱን ዓይነት፣ የተለወጠውን ዕቃና የተለወጠበትን ቀን ጻፉባት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው እጩ መምህር ከመገመት ይድናል።