ተደራራቢ የተማሪ መዛግብትን የሚያጣራ ፕሮግራም እንዴት ይፈተናል?

የአንድ ወረዳ የትምህርት መዝገብ በወረቀት ላይ ሲታይ አንድ ጥራዝ ይምሰል እንጂ በውስጡ ብዙ መዛግብትን የያዘ ነው። በወረዳው ሥር ትምህርት ቤቶች፣ በትምህርት ቤቱ ሥር ክፍሎች፣ በክፍሉ ሥር ተማሪዎች ይገኛሉ፤ በእያንዳንዱ ተማሪ ስም ሥር ደግሞ የልደት ቀን፣ የወላጅ ስም፣ የፈተና ውጤትና የመሳሰሉት ተመዝግበዋል። እንዲህ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ ተደራራቢ መዝገብ ሊባል ይችላል። መዝገቡ በእጅ በሚጻፍበት ጊዜ ስሕተቱን የሚለቅመው የጸሐፊው ዐይን ነበር፤ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ዕድሜ 16 ተብሎ ቢያገኝ ብዕሩን አቁሞ መምህሩን ይጠይቃል። ሥራው ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ግን ያንን ዐይን የሚተካው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ራሱ አጥርቶ የሚያይ ለመሆኑ በምን ይታወቃል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ተግባር በብዛት ከሚያገለግሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ ጊዶ ቫን ሮሱም በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበው ፓይተን ነው። በፓይተን «ዕድሜ ማለት ሙሉ ቁጥር ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ቋንቋው ይህን የሚቀበለው እንደ ማስታወሻ ነው እንጂ እንደ ሕግ አይደለም። በዕድሜ ቦታ ላይ የሰው ስም ቢገባ ዝም ይላል። ስለዚህ ፓይዳንቲክ የተባለውን የመሰለ የማጣሪያ መሣሪያ መጨመር ያስፈልጋል። መሣሪያው ሁለት ተግባሮችን ያከናውናል። የመጀመሪያው ማጣራት ነው፤ ይኸውም የገባው መረጃ ከተወሰነለት ቅርጽ ጋር መስማማቱን መመርመር ነው። ሁለተኛው መዘርጋት ነው፤ ይኸውም በማሽኑ ውስጥ ተደራርቦ የሚገኘውን መዝገብ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊላክ ወይም ሊቀመጥ ወደሚችል ጽሑፍ መለወጥ ነው። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ጄሰን በተባለው አጻጻፍ ይዘጋጃል።

ሁሉም ተማሪ መቶ ከመቶ የሚያገኝበት ፈተና ማን እንዳወቀና ማን እንዳላወቀ አይለይም። ይህን መምህራን ጠንቅቀው ያውቁታል። ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ጥሩ ጥሩ መዝገብ ብቻ እየተሰጠው «ተቀበለ» ቢባል ምንም ዓይነት ማጣሪያ የሌለው ፕሮግራምም ያንኑ ፈተና ያልፋል። የፈተናው ክብደት መቀመጥ ያለበት ሆን ተብሎ በተበላሸ መዝገብ ላይ ነው።

የተበላሸውን መዝገብ ለማዘጋጀት የሚመረጠው ዘዴ ከአንድ ሙሉና ትክክለኛ መዝገብ ተነሥቶ በየጊዜው አንድ ቦታ ብቻ ማበላሸት ነው። ሁለት ስሕተት ባንድነት ቢገባ የትኛው እንደተያዘ አይታወቅም። በተደራራቢ መዝገብ ላይ እዚህ ዘንድ አንድ ወጥመድ አለ። በፓይተን መዝገብን በተራ መንገድ መቅዳት የላይኛውን ሣጥን ብቻ ይቀዳል፤ በውስጡ ያሉት ክፍሎችና ተማሪዎች ግን የዋናውና የቅጂው የጋራ ንብረት ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ በቅጂው ውስጥ የአንዱን ተማሪ ዕድሜ ያበላሸ ሰው ዋናውንም አበላሽቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ፈተናዎች ሁሉ ከተበከለ መዝገብ ይነሣሉ። መፍትሔው እስከ ታችኛው ደረጃ የሚዘልቀውን ጥልቅ ቅጂ መጠቀም ነው።

መዝገቡ መመለሱም ብቻውን አይበቃም። በምን ምክንያትና ከየትኛው ቦታ ላይ እንደተመለሰ መታየት አለበት። ፓይዳንቲክ ስሕተት ሲያገኝ ከላይ እስከ ታች ያለውን መንገድ ይናገራል፤ ለምሳሌ ያህል «ትምህርት ቤቶች፣ 2፣ ክፍሎች፣ 0፣ ተማሪዎች፣ 41፣ ዕድሜ» ይላል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ይህ ማለት በሦስተኛው ትምህርት ቤት፣ በመጀመሪያው ክፍል፣ የአርባ ሁለተኛው ተማሪ ዕድሜ ማለት ነው። ፈተናው ይህን መንገድ ካልመረመረ፣ መዝገቡ ስም ስለጎደለው ተመልሶ ሳለ ዕድሜው ተጣርቷል የሚል የሐሰት መተማመን ያድራል።

ከታች ሲታዩ ምንም እንከን የሌላቸው፣ ከላይ ሲታዩ ግን የተሳሳቱ መዛግብትም አሉ። አንድ ልጅ በሁለት ክፍል ቢመዘገብ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ትክክል ነው፤ ስሕተቱን ሊያይ የሚችለው ትምህርት ቤቱን በሙሉ የሚመለከት ማጣሪያ ነው። የትምህርት ቤቱ ጠቅላላ የተማሪ ቁጥር ከክፍሎቹ ድምር ጋር አለመስማማቱም እንዲሁ ነው። የመማሪያ መጻሕፍትን በድምሩ ለሚደለድል ዕቅድ አውጪ ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ ለየደረጃው የየራሱ ብልሹ መዝገብ ሊዘጋጅለት ይገባል።

ከሚጮኸው ስሕተት ይልቅ አስጊው ዝም የሚለው ነው። ፓይዳንቲክ በተለየ ሁኔታ ካልታዘዘ በቀር የማያውቀውን የመስክ ስም አንብቦ ያልፈዋል። በአማርኛ ይህ የራሱ መዘዝ አለው። ከፓይተን ሦስተኛ እትም ወዲህ የመስክ ስሞችን በፊደላችን መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ለአንባቢ አንድ የሆኑት «ዕድሜ» እና «እድሜ» ለማሽኑ ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። መስኩ የግዴታ ካልሆነ በ«አ» የጻፈው ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ዕድሜ በሙሉ ያጣል፤ ስሕተት ነው የሚልም የለም። እንግዳ ስም ሲመጣ መዝገቡ እንዲመለስ ማዘዝና ይህንኑ በሁለቱም አጻጻፍ መፈተን ያሻል።

ወደ መዘርጋት ስንመጣ፣ የተለመደው ፈተና የደርሶ መልስ ፈተና ነው። መዝገቡ ወደ ጽሑፍ ይዘረጋል፤ ከጽሑፉ እንደገና ይገነባል፤ ከዚያም የተገነባው ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸራል። ፈተናው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም መነሻው መታወቅ አለበት። የትምህርት ቤቱ መለያ «0417» ቢሆንና መስኩ ቁጥር ነው ተብሎ ቢደነገግ ማሽኑ 417 ብሎ ይይዘዋል። ከማሽኑ ውስጥ ተነሥቶ ቢነጻጸር 417 ሄዶ 417 ይመለሳል፤ ፈተናው ታለፈ። ጉድለቱ የሚታየው ንጽጽሩ ትምህርት ቤቱ ከላከው ጽሑፍ ሲነሣ ነው። ስለዚህ ጉዞው ከሁለቱም ጫፎች መጀመር ይኖርበታል። (በዚህ አጋጣሚ፣ የፓይተን የራሱ የጄሰን መሣሪያ ካልታዘዘ በቀር እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በስድስት ምልክት ተክቶ ይጽፋል። የሚጠፋ ነገር የለም፤ ነገር ግን ጽሑፉን ሰው ሊያነበው አይችልም።)

ከዚህ የከፋ አንድ ሁኔታ አለ። የተማሪ መዝገብ አንድ ቅርጽ ተሰጥቶት ሳለ፣ ማየት ለተሳነው ተማሪ «የብሬል መጽሐፍ ያስፈልገዋል» የሚል መስክ የተጨመረበት ሰፋ ያለ ቅርጽ ተዘጋጀ እንበል። ክፍሉ ግን «የተማሪዎች ዝርዝር» እንደተባለ ቀረ። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው በፓይዳንቲክ ሁለተኛ እትም ዝርዝሩ ሲዘረጋ የሚጻፉት በተራው ተማሪ ቅርጽ የተደነገጉት መስኮች ብቻ ናቸው። በማሽኑ ውስጥ የነበረው የብሬል መስክ በጽሑፉ ላይ አይገኝም። ልጁ ከእነስሙ አለ፤ ቁጥሩም ሞልቷል፤ የሚያስፈልገው ነገር ግን በመንገድ ላይ ቀርቷል፤ መጽሐፉን የሚያዝም ሰው አያገኘውም። በመጀመሪያው እትም ይኸው መስክ ይጻፍ ስለነበር ከአንዱ እትም ወደ ሌላው የተዛወረ ፕሮግራም አንድ ፊደል ሳይነካበት ጠባዩ ይለወጣል። የደርሶ መልስ ፈተና ይህን ይይዛል፤ የሚይዘው ግን በናሙናው ውስጥ እንዲህ ያለ ተማሪ ካለ ብቻ ነው። ናሙናው «አማካይ» ተማሪዎችን ብቻ የያዘ ከሆነ ፈተናው የሚጠፋውን ልጅ ሊያየው አይችልም።

በመጨረሻም ደርሶ መልስ ፈጽሞ የማይደርስበት ስሕተት አለ። የፓይተን የቀን ዓይነት የግሪጎርያን አቆጣጠርን የተከተለ ነው። ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በቅጹ ላይ «2009፣ 3፣ 12» ተብላ ብትጻፍ ማሽኑ የማርች ወር ብሎ ይቀበላል። ጽሑፍ ሆኖ ቢወጣና ቢመለስ አይለወጥም። ሆኖም በጥር 2018 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ በማሽኑ ስሌት 16 ዓመቷ ነው፤ የዕድሜው ወሰን ከ4 እስከ 20 ከሆነ ማጣሪያው ያሳልፋታል። በ2009 ዓ.ም. ከነበሩት 365 ቀኖች በዚህ አኳኋን ተሳስተው የሚያልፉት 358 ናቸው። የሚመለሱት የጥቅምት 29 እና 30፣ ከዚያም አምስቱ የጳጉሜን ቀኖች ብቻ ናቸው፤ ፌብርዋሪ 28 ቀን ብቻ ነበረው፣ አሥራ ሦስተኛ ወርም ለማሽኑ አይታወቅም። በጳጉሜን የተወለደ ልጅ መዝገብ ሲመለስበት የደከመው ጸሐፊ ነሐሴ 30 ብሎ ሊጽፍለት ይችላል።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የራሱ የቀን ቅርጽ ሊበጅለት፣ የአቆጣጠሩም ስም ከቀኑ ጋር አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ፈተናውም ከወሩ ዳርቻ ይጀምር፦ ጥቅምት 30 ይታለፍ፤ ጥቅምት 31 ይመለስ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2007 ዓ.ም. ይታለፍ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ግን ይመለስ፤ የተመለሰበትም ምክንያት ቀኑ እንጂ ወሩ አለመሆኑ ይረጋገጥ።