ተማሪ በዩኒቨርሲቲ የዲሲፕሊን ጉባኤ ፊት ሲጠራ (የሪያድ ከተማ ሥርዐት)

ከመፍረድ በፊት ተከሳሽን መስማት ጥንታዊ ሥርዐት ነው። እግዚአብሔር አዳምን ከገነት ከማስወጣቱ አስቀድሞ የት እንዳለና ምን እንዳደረገ ጠየቀው እንጂ ሳይጠይቅ አልፈረደበትም። ይህ ነገር ለሃይማኖት ትምህርት ብቻ የሚጠቀስ አይደለም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ቤንትሊ የተባለውን ሊቅ ሳይሰማ ማዕርጉን በገፈፈው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1723 ዓ.ም. ጉዳዩን ከመረመሩት የእንግሊዝ ዳኞች አንዱ ይህንኑ የአዳምን ታሪክ ጠቅሷል፤ ማዕርጉም ተመልሶለታል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የአላባማ መንግሥት ኮሌጅ ክሱን ሳያስታውቅና ቃላቸውን ሳይሰማ ጥቁሮች ተማሪዎችን ማባረሩ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈርዷል።

በሪያድ የሚገኘው የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በሳዑዲ ዓረብያ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ነው። በከተማዪቱ ባሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በነጻ ትምህርት የሚማር የውጭ አገር ሰው ቢባረር የሚያጣው ትምህርቱን ብቻ አይደለም። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃዱ ከትምህርቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ አገሩን ለቆ መውጣት ሊደርስበት ይችላል።

እንግዲህ ጥሪ የደረሰው ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ክሱን በጽሑፍ፣ የተከሰሰበትን አንቀጽም ከደንቡ ጋር መጠየቅ ይገባዋል። ምን እንደ ተባለበት ያላወቀ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ክርክሩም መዝገቡም በዐረብኛ ስለሆነ ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ይፈልግ፤ በሚገባ ያልገባውን የቃል ማስታወሻ ግን አይፈርም። ምክር ለማግኘት የተማሪዎች ጉዳይ ክፍልና፣ የተማሪን መብት ለመጠበቅ የተቋቋመው ቢሮ አሉ። በሪያድ የኢትዮጵያ ኤምባሲም ምክር ሊሰጥ ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲውን የማዘዝ ሥልጣን ግን የለውም።

በአገራችን ልማድ የተቸገረ ሰው ቶሎ ብሎ ሽማግሌ ይልካል። ጥፋቱን ላመነ ተማሪ ምልጃ ቅጣት ሊያቀልለት ይችል ይሆናል፤ ላላጠፋው ግን በመልሱ ላይ የሚጻፍ አንድ ምስክር ከብዙ አማላጅ ይበልጥበታል።

ውሳኔው ቢከፋ ነገሩ በዚያ አያበቃም። በሳዑዲ ዓረብያ ዲዋን አል መዛሊም የሚባል የአቤቱታ ሰሚ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. ተቋቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት የአስተዳደር ፍርድ ቤቶቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የዲሲፕሊን ውሳኔ የመሻር ሥልጣን አላቸው፤ ይኸውም ውሳኔውን የሰጠው አካል ሥልጣን ያልነበረው እንደ ሆነ፣ ሥርዐቱ ወይም ደንቡ የተጣሰ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ የጐደለ ወይም ሥልጣን ያለ አግባብ የተሠራበት እንደ ሆነ ነው። ነገር ግን ወደ ፍርድ ቤት በቀጥታ አይኬድም። ተማሪው በ60 ቀን ውስጥ በመጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲው ራሱ አቤት ይላል፤ ዩኒቨርሲቲውም መልስ ለመስጠት 60 ቀን አለው። እንቢ ቢል ወይም ዝም ቢል ተማሪው በሌላ 60 ቀን ውስጥ ክሱን ያቀርባል። ቀኑ የሚቈጠረው ተማሪው ውሳኔውን ካወቀበት ዕለት ጀምሮ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን የተቀበለበትን ቀን በግልባጩ ላይ ጽፎ ሊያስቀምጥ ይገባዋል።