በአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ሥርዓተ ክወና ሲኖር በመነሻው ጊዜ ስለሚደርስ እክልና ስለ መፍትሔው

የገበሬው ስም፣ የመሬቱ ስፋት፣ የተሰጠው ዘርና የማዳበሪያው ልክ በኮምፒዩተር ከተመዘገበ ወዲህ መሣሪያው ከእርሻ ዕቃዎች እንደ አንዱ ሊጠበቅ ይገባዋል። በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ፣ ኮምፒዩተር በዘር ወራት አልነሣም ያለ እንደ ሆነ ጉዳቱ የጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ ገብሱን ሊዘራ የተዘጋጀው ገበሬ ተራውን ያጣል፤ ደጋውም ውርጩ ሳይደርስ ካልዘሩት አይጠብቅም። ስለዚህ ሥራውን የሚመራ ሹም መሣሪያውን በገዛ እጁ ባይጠግን እንኳ ምን እንደ ደረሰበት ዐውቆ ጠጋኙን ማዘዝ ይገባዋል።

ሁለት ሥርዓት ስለሚገባበት ምክንያት

ሥርዓተ ክወና ማለት የኮምፒዩተሩን አካላት የሚያዝ፣ ሌሎቹንም መርሐ ግብሮች የሚያሠራ ዋና መርሐ ግብር ነው። ከነዚህ አንዱ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነጻ የጥበቃ እድሳቱ ተቋርጧል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች አይችሉትም። ከዚህ የተነሣ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሊኑክስን፣ ይልቁንም ኡቡንቱ የሚባለውን ዐይነት፣ ከዊንዶውስ ጎን የሚያስገቡ በዝተዋል። አሠራሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ዲስክ ሲያድሩ በመነሻው ሰዓት መጋጨት አለ።

ኮምፒዩተሩ እንዴት እንደሚነሣ

ቁልፉ ሲጫን አስቀድሞ የሚነቃው በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ያለው አነሣሽ ነው፤ በአሮጌዎቹ ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። እርሱ በተራው ቡት ማኔጀር የሚባለውን አስጀማሪ ይጠራል፤ አስጀማሪውም ሥርዓቱን ያስነሣል። የሊኑክስ አስጀማሪ ግረብ ሲባል፣ ሁለቱን ስም ዘርዝሮ «የትኛው ይነሣ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ነገር ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። የጓሳ ምድር ለአስቦና ለጌራ ወገኖች ተከፍሎ በየራሱ ሹም ይጠበቅ ነበር፤ ሣሩም የሚታጨደው በተፈቀደው ወራት ብቻ ነበር። ይህ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ቆይቷል። ለሁለት ባለ መብት አንድ ምድር የሚበቃው ወሰኑ ሲታወቅና ጠባቂው ሲከበር ነው፤ ዲስኩም እንደዚሁ ነው።

የእክሎቹ ዐይነትና መፍትሔያቸው

1ኛ. ምርጫው ሳይቀርብ ዊንዶውስ ብቻውን ሲነሣ። ይህ የሚሆነው ዊንዶውስ ሲታደስ ወይም እንደ ገና ሲጫን የራሱን አስጀማሪ ከፊት ስለሚያስቀድም ነው፤ ሊኑክስ ግን አልጠፋም። ኮምፒዩተሩ ሲበራ እንደ ሠሪው ኤፍ 2፣ ኤፍ 12 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ወደ አነሣሹ መግባትና በቅደም ተከተሉ ኡቡንቱን ማስቀደም ይበቃል። ስሙ ከዚያ ከሌለ ኡቡንቱ ከተጫነበት ፍላሽ አስነሥቶ ግረብን መመለስ ነው።

2ኛ. በጥቁር ገጽ ላይ «ግረብ ሬስኪው» የሚል ቃል ሲወጣ። አስጀማሪው የሊኑክስን ክፍል ፈልጎ አጥቶታል፤ ብዙ ጊዜ ክፍሉን አንድ ሰው ሰርዞታል ወይም አዛውሮታል። በአዲሶቹ መሣሪያዎች ከአነሣሹ ዝርዝር «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚለውን መርጦ በዊንዶውስ ሥራን መቀጠል ይቻላል።

3ኛ. ዊንዶውስ ከግረብ ዝርዝር ሲጠፋ። አዲሶቹ የግረብ እትሞች ሌላውን ሥርዓት በራሳቸው አይፈልጉም፤ ኦኤስ ፕሮበር የሚባለውን ፈላጊ መፍቀድና ዝርዝሩን ማደስ ያስፈልጋል። አንዱ በባዮስ ሁለተኛው በዩኢኤፍአይ መንገድ ተጭነው እንደ ሆነም አይተያዩም፤ ሁለቱ በአንድ መንገድ ሊጫኑ ይገባል።

4ኛ. የዊንዶውስ መዝገብ ከሊኑክስ በኩል አልጻፍ ሲል። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ በሚባለው ዘዴ ሲዘጋ ፈጽሞ አይዘጋም፤ ከፊሉ እንዳንቀላፋ ይቀራል። በግድ መጻፍ መዝገቡን ያበላሻል። ዘዴውን ከዊንዶውስ ውስጥ ማጥፋት ነው።

5ኛ. የጥበቃ ሕግ ተጣሰ የሚል መልእክት ሲወጣ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የወጣ የዊንዶውስ እድሳት በብዙ አገር ሊኑክስን እንዳይነሣ አድርጎ ነበር። መድኃኒቱ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን ለጊዜው አጥፍቶ ሊኑክስን ማደስ፣ ኋላም መልሶ ማብራት ነው። ነገር ግን ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ እንደ ሆነ ባለ 48 አኃዙ የመክፈቻ ቁጥር አስቀድሞ በእጅ ሳይገኝ ይህ አይነካም።

6ኛ. ሰዓቱ በ3 ሰዓት ሲዛነፍ። ሊኑክስ የመሣሪያውን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ዊንዶውስ እንደ አገር ሰዓት ይቈጥሩታል፤ ኢትዮጵያም ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ይህን በአገር ልማድ ካለው የ6 ሰዓት የአቈጣጠር ልዩነት ጋር ማሳከር አይገባም። ሊኑክስን በአገር ሰዓት እንዲያነብ ማዘዝ ያስማማቸዋል።

ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው

ከነዚህ እክሎች አንዱም እንኳ መዝገብን ለመደምሰስ ምክንያት አይሆንም። አንዳንድ ጠጋኝ ግን መንሥኤውን ከመመርመር ይልቅ ዲስኩን ጠርጎ ሁሉን እንደ ገና መጫን ይቀለዋል፤ የዓመት ሥራም በአንድ ቀትር ይጠፋል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ኀላፊ የሚከተለውን ቢያጸና ይጠቅማል፤ ይኸውም መዝገቡ በየሳምንቱ ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለበጥ፣ ኡቡንቱ የተጫነበት አንድ ፍላሽ በመሳቢያ እንዲቀመጥ፣ የመክፈቻው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ እንዲቈለፍበት፣ መብራት በድንገት ሲቋረጥም ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ የሚሰጥ የኀይል ማቆያ እንዲኖር ነው። ዲስክ የሚጠረገውም መዝገቡ መገልበጡን ኀላፊው በዐይኑ አይቶ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ይሁን።