ስለ እርምጃ ቈጣሪ ሰዓትና ስለ እስክስታ

በባሕር ዳር ሱቆች መስኮት ከሚታዩት ዕቃዎች አንዱ፥ ጊዜን ከመንገር አልፎ እርምጃን፥ የልብ ምትንና ካሎሪን የሚቈጥረው የእጅ ሰዓት ነው። ዕቃው ቀላልና ለማጓጓዝ የማያስቸግር ስለሆነ አስመጪው ይወደዋል፤ ወጣቱም በየሰርጉ አጥልቆት ይታያል። ይሁን እንጂ ባለፈው ጥር ወር አንድ የአንበሳሜ ሰው የገዛውን ሰዓት ይዞ ከደራ ድረስ በመምጣት፥ «ሌሊቱን ሙሉ እስክስታ ስመታ ባድር፥ ይህ ዕቃ ተኝቶ እንዳደረ ሰው ቈጠረኝ፤ ገንዘቤን መልሱልኝ» ሲል ሰምቻለሁ። ባለሱቁ ደግሞ ዕቃው ደኅና ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ጭቅጭቁ የተነሣው ሰዓቱ ምን እንደሚለካ በሽያጩ ጊዜ ያስረዳ ሰው ባለመኖሩ ነው።

በሰዓቱ ውስጥ አክስለሮሜትር የሚባል እጅግ ትንሽ መሣሪያ አለ። ይኸውም የአንጓን መወዛወዝ ይመዘግባል እንጂ እግርን አያይም። ሰው ሲራመድ እጁ በልክ ስለሚወዛወዝ፥ ከዚያ ተነሥቶ እርምጃውን ይገምታል። እስክስታ ግን የትከሻ፥ የደረትና የአንገት ሥራ ነው፤ መቺው እጁን ከወገቡ ላይ አኑሮ ትከሻውን ሲያንቀጠቅጥ አንጓው ጸጥ ይላል፥ ላቡ ግን ይወርዳል። በአንጻሩ በዳሱ ጥግ ተቀምጦ የሚያጨበጭበው፥ ከበሮ የምትመታዋ፥ ቡና የምትወቅጠዋ ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ እርምጃ ሊቈጠርላቸው ይችላል። ሰዓቱ ዳኛ ቢሆን ኖሮ የሚፈርደው ለአጨብጫቢው ነበር። ከዚህም ሌላ የመሣሪያው ቀን የሚለወጠው በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፥ የአንድ ሌሊት ጭፈራ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፤ ጠዋት የሚታየውም የኋለኛው ቁራጭ ብቻ ነው።

ደንበኞች አጥብቀው የሚጠይቁት የ10,000 እርምጃ ልክም ከሐኪም ትእዛዝ የመነጨ አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 የጃፓኑ ያማሳ ኩባንያ ለገበያ ያወጣው እርምጃ መቍጠሪያ «ማንፖ ኬይ» ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። አንድ የንግድ ስም ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው ከዚህ ማየት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ምክር ግን የሚቈጥረው እርምጃን ሳይሆን ደቂቃን ነው፤ ለጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፥ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ ይበቃል ይላል።

ታዲያ ጭፈራ ከየትኛው ወገን ነው? ሊቃውንቱ አንድ ሰው በጸጥታ ተቀምጦ የሚያወጣውን ጉልበት እንደ 1 ቈጥረው፥ ከ3 ጀምሮ 6 እስኪደርስ ያለውን መካከለኛ፥ 6ና ከዚያ በላይ የሆነውን ብርቱ ይሉታል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ዝርዝራቸው ዝግ ላለው የአዳራሽ ዳንስ 3፥ ለፈጣኑ 5.5፥ ለየሕዝቡ ባህላዊ ጭፈራ 4.5 ሰጥቷል። ሳልሳና ፍላሜንኮ በስማቸው ተጽፈዋል፤ እስክስታ ግን አልተጻፈም፥ ይህም የሚያሳዝን ነው። በ4.5 ቢታሰብ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሰዓት 270 ካሎሪ ያህል ያወጣል። ነገር ግን በእኛ ሰርግ ሰው ከክቡ መካከል ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ይመታና ለሌላው ለቆ ይወጣል፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ሰርግ የአንድ ሰዓት ጭፈራ አይደለም።

የልብ ምትን በተመለከተ፥ ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ልኮ፥ ደም በመጣ ቁጥር ተመላሹ ብርሃን ሲለዋወጥ ይቈጥራል። ማሰሪያው ከላላ ወይም እጅ በኃይል ከተናወጠ ይስታል፤ በአንጓ ላይ ያለ ንቅሳትም ብርሃኑን ሊያግደው እንደሚችል አፕልን የመሰሉ አምራቾች ራሳቸው ጽፈዋል። እናቶቻችን በእጃቸው የሚነቀሱበትን አገር ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትርታ ደግሞ በጭፈራ ብቻ አይጨምርም፤ የዳሱ ሙቀትም ጠላውም ያፈጥነዋል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጥታ የሚቀበለው የደረት ቀበቶ ነው። የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ ያለ ሽቦ የሚሠራውን መሣሪያ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ አቅርቧል። የባህል ኪነት ቡድኖችና የስፖርት ቤቶች ይህን ዕቃ ሊፈልጉት ስለሚችሉ አስመጪዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ከሳጥኑ ውስጥ የሚገኘው መመሪያ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ፥ ባለሱቁ «ይህ ሰዓት የእጅን መወዛወዝ ይቈጥራል፤ ትከሻን አይቈጥርም፤ ካሎሪው ግምት ነው» የሚል አንድ ቁራጭ ወረቀት በአማርኛ ጽፎ ቢጨምርበት ወጪው ከሳንቲም አይበልጥም። ፈቃደኛ የሆነ ገዢም በዚያው በሱቁ ፊት እጁን ከወገቡ ላይ አድርጎ ለሁለት ደቂቃ ትከሻውን ይምታ፤ የእርምጃው ቍጥር ምን ያህል እንደጨመረ ይይ፤ ወዲያውም በሁለት ጣቱ የአንገቱን ትርታ ለ15 ሴኮንድ ቈጥሮ በ4 ያብዛውና ሰዓቱ ከሚያሳየው ጋር ያስተያየው።