የአብራሪነት ፈቃድ በየጊዜው የሚፈተነው ለምንድን ነው?

በሐረር ከተማ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የሚስተናገድበት አውሮፕላን ማረፊያ የለም። ከጀጎል ግንብ ወጥቶ በአውሮፕላን ለመጓዝ የፈለገ ሰው በአወዳይና በሐረማያ አልፎ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ድሬዳዋ ይሄዳል። ማረፊያው ግን ከሐረር ጋር የተሳሰረ ስም አለው፤ የተሰየመው የራስ መኮንን ልጅ በነበሩትና ሐረርን ባስተዳደሩት በደጃዝማች ይልማ ነው። በዚያ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች አይቶ አብራሪ ለመሆን የሚመኝ የሐረር ወጣት ስለ ሙያው የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዩኒፎርሙ፣ ስለ ደመወዙና ስለሚጎበኙት አገሮች ነው። እምብዛም የማይወራው አብራሪው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከፈተና የማይላቀቅ መሆኑ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አውሮፕላኖቹን የሚመሩት አሜሪካውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ በ1964 የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ በ2010 ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ለመሆን በቁ። ያ ማሠልጠኛ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

ሠልጣኙ በመጀመሪያ የአየር ጠባይን፣ የአቅጣጫ ስሌትን፣ የበረራ ሕግንና የአውሮፕላንን አሠራር በክፍል ውስጥ ይማራል። ከዚያ በትንንሽ የመለማመጃ አውሮፕላኖች መብረር ይጀምራል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ መሠረት ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ 200 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል፤ ተከታታይና የጸደቀ ሥልጠና ለወሰደ ደግሞ 150 ይበቃል። ለካፒቴንነት የሚያስፈልገው የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ግን 1,500 ሰዓት ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን በቀኝ ወንበር፣ በረዳት አብራሪነት የሚያልፍ ነው።

ደጋና ቆላ ለገበሬ የሰብል ጉዳይ ነው፤ ለአብራሪ ግን የክብደትና የመንደርደሪያ ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባው ቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ክንፍ የሚያገኘው የማንሻ ኃይልም ሆነ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ አለዚያም ጭነቱ ይቀነሳል። ድሬዳዋ ከቦሌ በግማሽ ያህል ዝቅ ያለ ቢሆንም በዚያ ሙቀቱ አየሩን ያሳሳዋል። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ሙቀቱን፣ ነፋሱንና ክብደቱን አስልቶ መጨረስ ይኖርበታል። የነዳጁም ስሌት እንዲሁ ነው፤ መዳረሻው ቢዘጋ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚያደርስ፣ በዚያም ላይ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ መያዝ ግዴታ ነው።

ከስሌቱ ይልቅ የሐረርን ወጣት በቅርብ የሚነካው የጤና መመዘኛው ነው። የአየር መንገድ አብራሪ የአንደኛ ክፍል የጤና ማረጋገጫውን በየ12 ወሩ ያድሳል፤ 60 ዓመት ካለፈው በየ6 ወሩ። መነጽር ማድረግ ብቻውን በዓለም አቀፉ መመዘኛ አያስከለክልም፤ አየር መንገዶች ግን ለሠልጣኝ ምልመላ የጠበቀ መስፈርት ሊያወጡ ይችላሉ። መመዘኛው አእምሮን የሚቀይሩ ነገሮችን ሲዘረዝር አልኮልን፣ የእንቅልፍ መድኃኒቶችንና አነቃቂዎችን ይጨምራል። ቡናና ትንባሆ በስም ተጠቅሰው ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ጫት በስሙ አልተጠቀሰም፤ ዳሩ ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። የሐረር ዙሪያ ገበሬ ጎን ለጎን የሚያለማቸው ሁለት ሰብሎች፣ ቡናውና ጫቱ፣ በኮክፒቱ በር ላይ ይለያያሉ ማለት ነው።

ነገሩ የሥነ ምግባር ክርክር አይደለም። ምርቃና እንቅልፍን ያሸሻል፤ የቀረው እንቅልፍና ሐራራው ግን በማግስቱ ይከፈላል። አብራሪ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠበቅበት አርፎ መምጣት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የአየር መንገዱ አውሮፕላን መውረድ ከሚጀምርበት ነጥብ አልፎ በ37,000 ጫማ ከፍታ መብረሩን ቀጠለ። አብራሪዎቹን እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። አውሮፕላኑ ኋላ ላይ በሰላም ያረፈ ሲሆን፣ አየር መንገዱ ከበረራ ሠራተኞቹ ጋር ግንኙነት ለጊዜው መቋረጡን ገልጾ፣ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ ማገዱን አስታወቀ። የሌሊት በረራና የሰዓት ልዩነት የማንንም ሰው ሰውነት ያደክማሉ። የሥራ ሰዓት ገደብ በሕግ የሚወሰነውና በረጅም በረራ ሦስት ወይም አራት አብራሪ ተመድቦ በየተራ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

በየጊዜው ደግሞ በምስለ በረራ ማሠልጠኛ ውስጥ ሞተር ሲጠፋ፣ እሳት ሲነሣ የሚደረገውን በተግባር አሳይቶ ማለፍ ግድ ነው። የወደቀ እንደገና ይሠለጥናል፤ እስኪያልፍ ድረስ አይበርም። በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ የዕድሜ ጣሪያው 65 ነው።

የሐረር ልጅ ሐረሪኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ሶማሊኛ እየሰማ ያድጋል። ለዚህ ሥራ እንግሊዝኛ ይጨመርበታል፤ በዓለም አቀፍ በረራ የሬዲዮ ንግግር ቢያንስ 4ኛ ደረጃ ብቃት ይጠይቃል። 4ኛ ደረጃ ያለው በየ3 ዓመቱ፣ 5ኛ ያለው በየ6 ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል። ከድጋሚው ነጻ የሚሆነው 6ኛ የደረሰ ብቻ ነው።