የተተከለ ኩላሊት በአልትራሳውንድ ምን ይታይበታል?

ኩላሊት የተተከለላቸው ታካሚዎች ለምርመራ ሲተኙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ ሰውነቴ አልቀበልም ብሎ ይሆን?»

አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው ከወገብ በስተጀርባ ሳይሆን ከእምብርት በታች፣ ዳሌ አጥንት አጠገብ ነው። ለቆዳ ስለሚቀርብ በአልትራሳውንድ ጥርት ብሎ ይታያል። በዶፕለር ደግሞ የደም ፍሰቱን እንለካለን። በሁለት የልብ ምቶች መካከል ወደ ኩላሊቱ የሚገባው ደም በጣም ሲቀንስ የደም ፍሰት ተቃውሞ ልኬት (ሬዚስቲቭ ኢንዴክስ) ከ0.8 በላይ ይወጣል። ይህ ያሳስበናል፤ ነገር ግን የሽንት ቱቦ መዘጋትም ያንኑ ቁጥር ሊያመጣ ስለሚችል በእሱ ብቻ አንፈርድም። የአልትራሳውንድ እውነተኛ ጥቅም የቱቦ መዘጋትን፣ በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋትንና የፈሳሽ መጠራቀምን ያለ መርፌ ቶሎ መለየቱ ነው። ሰውነት ኩላሊቱን አልቀበል ማለቱን ቁርጡን የሚነግረን ዛሬም ባዮፕሲ፣ ማለትም ከኩላሊቱ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው።

በልብ ንቅለ ተከላ ግን አለመቀበልን ያለ ናሙና የመለየቱ ነገር ራቅ ብሎ ሄዷል። የተቆጣ የልብ ጡንቻ ውኃ ይቋጥራል፤ ይህን ውኃ ኤምአርአይ ቲ2 በሚባለው ልኬት ያሳያል። በአንገት ደም ሥር እየተገባ በተደጋጋሚ ናሙና ለሚወሰድባቸው ታካሚዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በጣም ተስፋ የማደርግበትም ነው።

ወደ ኩላሊት ስንመለስ፣ በአገራችን ንቅለ ተከላው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ኩላሊት የተተከለላችሁ፣ እባካችሁ፣ ሕመም ባይሰማችሁም የክሬቲኒን የደም ምርመራችሁን አትዝለሉ፤ ብዙ ጊዜ ከምልክቱ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። ሽንት ከቀነሰ፣ እግር ካበጠ፣ ትኩሳት ወይም በተተከለበት ቦታ ሕመም ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ኑ።